ቁጥር አሥራ ሰባት

አርባ ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ አነሣሁ፤
«አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ» እያልኩ አረጀሁ።
ሁለት ጆሮ ካልታየ ፎቶ አይደለም ባይ፣
ጥርስ የታየ እንደሆን የምቆጣ በሰው ላይ፣
ለመንጃ ፈቃድ፣ ለውል፣ ለቀበሌ፣ ለዕድር፣
ፒያሳን በየተራ ያስቀመጥኩ በአንድ ወንበር፣
እኔ ይገረም፣
ዘንድሮ ዳኛ ሁን ተባልኩ። ዳኛስ ልሁን፣ አይከፋም።

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ደብዳቤዬን አጥፌ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ ጉልበቴን ደግፌ።

የፈረስ ፎቶ አለ። ጀምበር ስትጠልቅ አለ።
ያረጁ እጆች አሉ፤ የሚያለቅስ ሕፃን አለ።
ለእነዚህ ነጥብ ስሰጥ ብዕሬ ተንከባለለ፤
ከዚያ ቁጥር አሥራ ሰባት ግድግዳው ላይ ዝም አለ።

ሰው የለበትም። ቤት የለም። ጆሮ የለም፣ አንድም።
ግራጫ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከጎኑ እንደ ዝገት፣ እንደ ደም
(«እንደ» አልኩ እንግዲህ፤ ዝገት አይደል፣ ደም አይደለም)፣
አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከጥግ ወደ የትም።

«የከተማው ቁስል ነው፤ የፈረሰ ቤት ትዝታ»
አለች ሠዓሊዋ ሶስና መነጽሯን አንሥታ።
«ሳያውቅ የጫነው ነው፤ ካሜራው ወድቆበት ይሆናል»
አለ ክንፈሚካኤል፤ «ለተሳሳተ እንዴት ዋንጫ ይሰጣል?»
እሷ ወርቁን ቆፍራ፣ እሱ ሰሙን ንቆ፣
ፎቶው ተሰቅሎ ቀረ ተመልካቹ ርቆ።

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ ለጥራት ሃያ፣ ለብርሃን ሃያ፣
ለአቀማመጥ ሠላሳ፣
ለመልእክት ሠላሳ።
እኔ መልእክት የማውቀው እታች ነው፣ ቴምብር ተለጥፎ፤
ይኼ ግን አድራሻም የለው፤ መጣ እንዲሁ ታጥፎ።

አንገቴን ገልብጬ አየሁት። አልተቀየመኝም።
ዐይኔን ጨፈን አርጌ አየሁት። ሸሽቶ አልሄደም።

ያን ጊዜ መጣብኝ የጨለማ ክፍሌ ሽታ፣
ቀይ አምፖል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ውኃ፣ የቧንቧው ጠብታ።
ፎቶ ከማጠቤ በፊት ወረቀት ቆርጬ እሞክራለሁ፣
ሁለት ሰከንድ፣ አራት፣ ስምንት፣ ካርቶኑን እየገፋሁ፤
ከነጭ ወደ ጥቁር የሚወርድ የግራጫ ደረጃ፣
የማንም ፊት የሌለበት፣ ለማንም የማይሆን ማስረጃ።
ዕጣው ባልዲ መግባት ነው።
አርባ ዓመት ባልዲ አስገባሁት።

ግን አንዳንዴ (ይኼን ለሚስቴም አልነገርኩ)
እርጥቡን ቁራጭ አንሥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።
ለምን? እንጃ።
ጉም ከእንጦጦ ሲወርድ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም።
የሚመስለው ነገር የለም።
ማየቱ ብቻ ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም።

እናም ከቁጥር አሥራ ሰባት ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ራሴ ትከሻዬን ዝቅ አደረግኩ።
ነጯ መስመር ግራጫውን የምትነካበት ቦታ፣
እዚያች ላይ ብቻ፣ የጸጉር ያህል፣ ትቆማለች አመንትታ።
ስሕተት እንዲህ አያመነታም። የተሳሳተ ቶሎ ያልፋል።
ይኼን ያነሣ ልጅ ቆሟል። ጠብቋል። ምናልባት እግሩ ደንዝዟል።

«መልእክት» ከሚለው ሣጥን «ዝም አለኝ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከጎኑ ሠላሳ ሞላሁ። በአቀማመጥ ግን ሁለት ቀነስኩ።
(ሰማያዊው በዝቷል። ዳኛ ዳኛ ነው።)

አላሸነፈም።
ዋንጫው ለፈረሱ ሆነ፤ ፈረሱም ጥሩ ፈረስ ነው፣ አልዋሽም።

ወደ ቸርችል ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ፤
ከአስፋልቱ ጠርዝ ኩሬ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የናፍጣ ቅባቱ።
ጎንበስ አልኩ። አላፊው ገላመጠኝ፣ ብር የጣልኩ መስሎት።
ስም ልሰጠው ከጀልኩና ተውኩት።
«አገጭ ቀና» አልኩት። «እንዳትንቀሳቀስ» አልኩት።
ታክሲው መጣ፣ «ለገሃር! ለገሃር!»፣ ጎማው ገባበት፤
ተንቀሳቀሰ።
እንደገና አየሁት።